አዋቂው ሲያዋርድ፣ ቡድኑ ሲያፈገፍግ

ጥያቄ፦ «ስለ ቴሌስኮፕ፣ ስለ ፕላኔቶችና ስለ ሰማይ ፎቶግራፍ የምንወያይበትን የበይነ መረብ ቡድን ከመሠረትን ስድስት ዓመት ሆነን። ስንጀምር አርባ ነበርን፤ ዛሬ ከሦስት ሺህ በላይ ነን። የያኔው ጨዋነት ግን የለም። ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ አንጋፋ አባል አሉ፤ የእውቀታቸውን ያህል ምላሳቸው ይከፋል፤ ጀማሪ በጠየቀ ቁጥር ያሸማቅቃሉ። እርሳቸውን አይተው ሌሎችም ተከተሉ። በዚያ ላይ ማንነቱ የማይታወቅ አንድ ሰው እየገባ ነገር ይቆሰቁሳል። ድሮ ይጽፉ የነበሩ ጥሩ ጥሩ አባላት ዝም ብለዋል። ባለፈው ዓመት አንዱን ብናስወጣ ቡድኑ ለሁለት ሊከፈል ነበር። ጋሼን ላስወጣ ወይስ ልታገሥ? ሰው ነው የተበላሸው ወይስ እኔ ነኝ ማስተዳደር ያቃተኝ?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ እርስዎ በጨረሱበት ልጀምር። ሰው አልተበላሸም፤ እርስዎም አልሰነፉም። አርባ ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል። አንዱ ቢሳሳት ሌላው በስሙ ጠርቶ ይመልሰዋል፤ አኩርፎ የሚቀመጥ ቢኖርም የሚያስታርቅ አይጠፋም። ሦስት ሺህ ሰው ግን ገበያ ነው። በገበያ ሰው ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ ያልፋል፤ ማን ማንን እንደ ገፋ የሚይዝ የለም። በአርባዎቹ ዘመን ማንም ሳይጽፈው ይሠራ የነበረው ደንብ፣ ሦስት ሺህ ስትሆኑም የሚጽፈው ሳያገኝ ቀረ።

ቅሬታዎ ደግሞ ከቡድንዎ እጅግ የሚበልጥ ዕድሜ አለው። ዩዝኔት የተባለውን ቀደምት የውይይት መረብ በ1979 የወጠኑት የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። በየዓመቱ ሴፕቴምበር ላይ አዳዲስ ተማሪዎች ይገቡና ውይይቱን ያምሱታል፤ ነባሮቹ ይቆጣሉ፣ ያርማሉ፣ ያስተምራሉ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አዲሶቹ ወግ ይይዛሉ። በ1993 እና በ1994 እንደ አሜሪካ ኦንላይን ያሉ ኩባንያዎች ለደንበኞቻቸው በሩን ሲከፍቱ ግን ጎርፉ ማቆሚያ አጣ። አስተማሪው አነሰ፣ ተማሪው በዛ። ነባሮቹ ያንን ጊዜ «የማያልቀው ሴፕቴምበር» አሉት። የእርስዎ ቡድንም የገባበት ሴፕቴምበር ይኸው ነው።

ብዙም ሳይቆይ፣ በ1995፣ ስለ በይነ መረብ አሠራር በተከታታይ ከሚወጡት ሰነዶች መካከል ቁጥር 1855 የሆነው ለጨዋነት ደንብ ብቻ ተሰጠ። ከምክሮቹ አንዱ፣ ስሜት የተቀላቀለበትን መልስ ከመላክዎ በፊት አንድ ሌሊት ያሳድሩት የሚል ነው። በእኛ ቋንቋ «ነገርን ማሳደር» የሚባለውን የቆየ ጥበብ ማለት ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላም ከዚህ የተሻለ ምክር አላገኘሁም። የሚያሳዝነው ሰሚ ማጣቱ ነው፤ እኔም ራሴ ያልሰማሁበትን ጊዜ ከታች እነግርዎታለሁ።

አሁን ወደ ሰፈርዎ እንግባ። እንዲህ ያለ ነገር ቡድንዎ ውስጥ ደጋግሞ ሳይደርስ አልቀረም፦ አንድ ጀማሪ ሌሊት በብርድ ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ፣ ስልኩን በቴሌስኮፑ መመልከቻ ላይ ደግኖ፣ ሳተርንን ፎቶ ያነሣል። የወጣው ሥዕል ደብዛዛ ቢጫ ነጥብ ነው፤ በግራና በቀኙ ጆሮ የመሰለ እብጠት አለው። ልጁ በደስታ ይለጥፈዋል፤ «ቀለበቱ ይሄ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከአራት ደቂቃ በኋላ የመጀመሪያው መልስ ይመጣል፦ «ይህ የተቃጠለ ባቄላ ነው። ትኩረት ማስተካከል ሳትማር ካሜራ አትንካ።» ሥሩ ሃያ የሳቅ ምልክት ይደረደራል። ሦስተኛው ሰው የባቄላ ቀልድ ይጨምራል። አምስተኛው ሰው የልጁን ስልክ ዋጋ ያነሣል። ልጁ ፎቶውን ያጠፋዋል። በማግሥቱ ቡድኑ ውስጥ አለ፤ በሳምንቱም አለ፤ ከእንግዲህ ግን አይጽፍም።

ይህን ሳይ የሚያናድደኝ ከስድቡ ይልቅ የባከነው ነገር ነው። ጋሊሊዮ በ1610 በራሱ ቴሌስኮፕ ሳተርንን ሲመለከት ያየው ይህንኑ ነበር። ሦስት አካላት የተጎራበቱ መሰለው። ከሁለት ዓመት በኋላ ቀለበቱ በስለቱ ወደ እኛ ስለ ዞረ ሁለቱ «ጎረቤቶች» ጠፉበትና ግራ ተጋባ። ነገሩ ቀለበት መሆኑን የሆላንዱ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሁይገንስ በጽሑፍ ያስረዳው በ1659 ነው። እንግዲህ የዚያ ልጅ ደብዛዛ ፎቶ ግማሽ ምዕተ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ የአውሮፓን ሊቃውንት ያስጨነቀ ሥዕል ነው። ጋሼ ይህን ያውቃሉ። «ጋሊሊዮም ያየው ይህንኑ ነበር፤ አሁን ትኩረቱን ጥቂት አስተካክልና እንደገና ሞክር» ብለው ቢመልሱ ልጁ ዕድሜ ልኩን ሰማይ ጠባቂ ሆኖ ይቀር ነበር። ሁለቱም መልስ ለመጻፍ የሚፈጀው ጊዜ እኩል ነው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ እንዲሉት የምፈልገው ሦስተኛውንና አምስተኛውን ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች ክፉዎች ናቸው? የስታንፎርድና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች በ2017 ባወጡት ሥራ ይህንኑ ፈትሸዋል። ተሳታፊዎቹን መጀመሪያ ቀላል ወይም ከባድ ፈተና ሰጧቸው፤ ከባዱ የደረሳቸው ስሜታቸው ተበላሸ። ቀጥሎ አንድ ጽሑፍ አንብበው አስተያየት እንዲሰጡ አደረጉ፤ ለአንዳንዶቹ ከላይ የቀረቡት አስተያየቶች ደህና ነበሩ፣ ለሌሎቹ ጸብ ጫሪ። ስሜታቸው ደህና ሆኖ ደህና አስተያየት ካዩት ሰዎች ጽሑፍ 35 በመቶው ነውር ያለበት ሆኖ ተገኘ። ስሜታቸው ተበላሽቶ ክፉ አስተያየት ባዩት ዘንድ ግን 68 በመቶ ደረሰ። ሰዎቹ አልተመረጡም፤ ያው ተራ ሰዎች ናቸው። የተለወጠው ሲገቡ የነበራቸው ስሜትና ከላያቸው የተጻፈው ነገር ነው። ስሜታቸውን እርስዎ ማዘዝ አይችሉም። ከላያቸው የተጻፈውን ግን ማዘዝ ይችላሉ፤ ሥራዎም በአብዛኛው ይኸው ነው።

ስለዚህ «ማንን ላስወጣ?» ከማለት በፊት «ከመጥፎው መልስ ቀድሞ የሚመጣው መልስ የማን ነው?» ይበሉ። የልጁ ፎቶ በተለጠፈ በአራት ደቂቃ ውስጥ ስለ ጋሊሊዮ የሚጽፍ ሰው ቢኖር የባቄላው ቀልድ በሁለተኛ ደረጃ ይመጣና አንሶ ይታይ ነበር። ከምክሬ ሁሉ አንዱን ብቻ የሚፈጽሙ ከሆነ ይህን ይፈጽሙ፦ ደግ የሚባሉ፣ መጻፍ የማይከብዳቸው አራት ወይም አምስት አባላትን በግል ያነጋግሩና ለአዲስ ሰው ጥያቄ ፈጥነው የመጀመሪያውን መልስ እንዲሰጡ ይለምኗቸው። ሹመት አይስጧቸው፤ ማዕረግም አይለጥፉባቸው። ማዕረግ ሲሰጥ ሰው ከመመለስ ይልቅ መቆጣጠር ይጀምራል።

ጽሑፍ ለምን እንዲህ እንደሚያሻክር ጥቂት ልበል። የሥነ ልቡና ባለሙያው ጆን ሱለር በ2004 በጻፈው ታዋቂ ጥናት ሰው በስክሪን ፊት ሲሆን ልጓሙ የሚላላበትን ምክንያት ዘርዝሯል፦ አለመታወቅ፣ አለመታየት፣ መልሱ ቶሎ አለመምጣቱ፣ ሌላውን ሰው በራስ ጭንቅላት ውስጥ ፈጥሮ ከርሱ ጋር መከራከር፣ ነገሩን እንደ ጨዋታ መቁጠር፣ የሥልጣን ተዋረድ መጥፋቱ። ብዙ ሰው አለመታወቅን ብቻ ነው የሚወቅሰው። ጋሼን ግን ሦስት ሺህ ሰው በስማቸው ያውቃቸዋል፤ ያ አላገዳቸውም። እርሳቸውን የሚጎዳቸው አለማየት ነው፤ የልጁ ፊት ሲቀላ አያዩም። ጠረጴዛ ዙሪያ ቢሆን ኖሮ ቃሉ ከአፋቸው ሳይወጣ ዐይኑን አይተው ይመልሱት ነበር።

ሌላው የድምፅ ነገር ነው። በ2005 የታተመ አንድ ሙከራ ውስጥ ሰዎች ቀልድና ቁም ነገር ቀላቅለው በኢሜይል ይልኩ ነበር። ላኪዎቹ ወደ 78 በመቶው በትክክል ይገባል ብለው ገመቱ። ተቀባዮቹ የለዩት 56 በመቶውን ብቻ ነው፤ ሳንቲም እየጣሉ ከመገመት ብዙም አይሻልም። ይህ ችግር ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። በ1982 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ላይ አንድ ሰው አሳንሰሩ በሜርኩሪ ተበክሏል ብሎ ቀለደ፤ አንዳንዶች የምር ማስጠንቀቂያ መሰላቸው። ስኮት ፋልማን የተባለው የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁር ያኔ በሁለት ነጥብ፣ በሰረዝና በቅንፍ የተሠራ የፈገግታ ምልክት ለቀልድ ይሁን ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ በስልካችን ላይ የሚርመሰመሱት ትናንሽ ፊቶች የዚያ ዘሮች ናቸው። «የተቃጠለ ባቄላ» ምናልባት በጋሼ ጆሮ የወዳጅ ቀልድ ሊሆን ይችላል። አላውቅም፤ እርስዎም አያውቁም፤ ልጁም አላወቀም።

ወደ ጋሼ ልምጣ፤ ጥያቄዎን ያስጻፉዎት እርሳቸው ናቸውና።

እንዲህ ያሉ ሰዎችን በሥራዬ ብዙ አይቻለሁ፤ አብዛኞቹ የደከሙ ናቸው። «የትኛውን ቴሌስኮፕ ልግዛ?» የሚለውን ጥያቄ በስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ መልሰዋል? ካርቶኑ ላይ «500 ጊዜ ያጎላል» የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ የፊት ሌንሱ 60 ሚሊሜትር የሆነ አሻንጉሊት ገዝቶ «ለምን አይታየኝም?» የሚል ስንት ሰው ገጠማቸው? ነገሩን የሚያውቅ ሰው እንደሚናገረው ጠቃሚ ማጉላት በግምት የሌንሱ ስፋት በሚሊሜትር ሲለካ እጥፉ ነው፤ ስለዚህ የ60 ሚሊሜትሩ ከ120 ጊዜ ብዙም አያልፍም፤ ከዚያ በላይ የሚጎላው ጉም ብቻ ነው። ጋሼ ይህን መቶ ጊዜ በትዕግሥት ጽፈዋል፤ መቶ አንደኛው ላይ ተሳደቡ። ለመቶ አንደኛው ጠያቂ ግን የመጀመሪያው ቀኑ ነው።

ድካም ስድብን ይገልጸዋል እንጂ አያጸድቀውም። ድካሙን ካላወቁ ግን መድኃኒቱን ይስታሉ። «ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ» ነው። ያ ጥያቄ በየቀኑ የሚመጣው ቡድኑ መልሱን የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ነው። አንድ ገጽ ጽሑፍ ከላይ ተሰክቶ ቢቀመጥ ግማሹ ይቀራል። ያንን ገጽ መጻፍ ያለበት ማን ነው? እርስዎ ካሉት በመነሣት ከጋሼ የተሻለ ሰው አይታየኝም። ግን ይህንን ልመና ከተግሣጹ ጋር በአንድ መልእክት አያድርጉት፤ ጉቦ ይመስላል። ተግሣጹ መጀመሪያ ይሂድ፤ ልመናው ከሳምንት በኋላ ይምጣ።

ተግሣጹ በግል ይሁን። ምሳሌ ልስጥዎ፦

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ትናንት ማታ ለሳተርኑ ፎቶ የሰጡትን መልስ አየሁት። ስለ ትኩረቱ ያሉት ልክ ነው። "የተቃጠለ ባቄላ" የሚለው ግን ልጁን አሸማቀቀው፤ ፎቶውን አጥፍቶታል። መልእክትዎን አንሥቼዋለሁ። ትኩረት እንዴት እንደሚስተካከል ብቻ አድርገው መልሰው ቢጽፉለት ደስ ይለኛል፤ ከእርስዎ የተሻለ የሚያስረዳው የለም። እንዲህ ያለው ነገር ከተደገመ ለሰባት ቀን መጻፍ እንዳይችሉ ማድረግ ይኖርብኛል። አስቀድሜ የምነግርዎ ድንገት እንዳይሆንብዎ ብዬ ነው።»

እዚህ ውስጥ ያለውንና የሌለውን ይመልከቱ። አንድ መልእክት፣ አንድ ቀን፣ አንድ ቃል ተጠቅሷል። «እርስዎ ሁልጊዜ» የሚል የለም። «ብዙ አባላት ቅሬታ አቅርበዋል» የሚልም የለም፤ ይህ ሐረግ መርዝ ነው። የሰማው ሰው ከዚያ ሰዓት ጀምሮ «እነማን ናቸው?» እያለ በቡድኑ ውስጥ ጠላት ሲፈልግ ያድራል። ቅሬታው የእርስዎ ይሁን፤ ስምዎን ይጻፉበት። መልእክቱ የተነሣበት ምክንያት መነገሩም ዝም ብሎ ወግ አይደለም። በ2019 ሬዲት በተባለው የውይይት ድረ ገጽ ላይ ሚሊዮኖች ልጥፎችን የተመለከተ ጥናት እንዳሳየው፣ ጽሑፋቸው ሲነሣ ምክንያቱ የተነገራቸው ሰዎች ወደፊት የሚያቀርቡት ጽሑፍ የመነሣት ዕድሉ ቀንሷል። ዝም ተብሎ የተሰረዘበት ሰው የሚማረው የተጠላ መሆኑን ብቻ ነው።

«ለሰባት ቀን» የሚለው ለምን? ኤሊኖር ኦስትሮም የምትባለው ምሁር፣ በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆና የተሸለመችው፣ ሰዎች የጋራ ግጦሽን፣ የመስኖ ውኃንና የዓሣ ማስገሪያን ሳያጠፉ ለትውልድ እንዴት እንደሚጠብቁ ስታጠና፣ ለረጅም ጊዜ የዘለቁት ማኅበሮች የሚጋሩት አንድ ጠባይ አገኘች። ቅጣታቸው በደረጃ ነው። የመጀመሪያው ጥፋት ቅጣቱ እጅግ ቀላል ነው፤ አንዳንዴ መታየቱ ብቻ ይበቃል። እየተደገመ ሲሄድ ይከብዳል። የእርስዎ ቡድን እስከ አሁን ሁለት መሣሪያ ብቻ ነው ያለው ይመስለኛል፦ ዝምታና ማባረር። በመካከላቸው ምንም ስለሌለ ዝም ዝም ተብሎ ይቆይና አንድ ቀን ማባረር ይመጣል። ባለፈው ዓመት ቡድኑ ለሁለት ሊከፈል የደረሰው በዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ለእርስዎ የአንድ ዓመት ትዕግሥት መጨረሻ የነበረው ውሳኔ ለአባላቱ ከሰማይ የወረደ ዱብ ዕዳ ነበር።

የራሴን ስሕተት እነግርዎታለሁ ብዬ ነበር። ከዓመታት በፊት አሮጌ ሬዲዮ የሚጠግኑ ሰዎች የሚወያዩበትን ቡድን አስተዳድር ነበር። አንድ ነገረኛ ነበረን፤ ሐቀኛ ለመሆን ከሁላችንም የተሻለ ጠጋኝ ነበር። አንድ ሌሊት፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል፣ ትዕግሥቴ አለቀ። በሁሉም ፊት አስወጣሁት፤ ያም አልበቃኝ ብሎ ጥፋቶቹን አንድ በአንድ የዘረዘረ ረጅም ጽሑፍ ለጠፍኩ። ጽሑፉ ቆንጆ ነበር፤ ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ ቡድኑ ፍርድ ቤት ሆኗል። ግማሹ ከሳሽ፣ ግማሹ ጠበቃ። ለሁለት ሳምንት ስለ ሬዲዮ ያወራ ሰው አልነበረም። በመካከሉ አንድ ምስኪን ያበጠ ካፓሲተር ፎቶ አንሥቶ «በየትኛው ልቀይረው?» ብሎ ጠየቀ፤ የመለሰለት የለም። ያንን ጥያቄ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ማስወጣቱ ትክክል ነበር ብዬ አሁንም አምናለሁ፤ ዝርዝሩ ግን ለቡድኑ የተጻፈ አልነበረም፣ ለንዴቴ የተጻፈ ነው። ሌሊቱን ባሳድረው ኖሮ ጠዋት ሁለት መስመር ይበቃኝ ነበር።

ማንነቱ ያልታወቀው ቆስቋሽ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከጋሼ ጋር በአንድ ሚዛን አያስቀምጡት። እሱ «ጠብ ያለሽ በዳቦ» የሚባለው ዓይነት ነው፤ ስለ ሳተርንም ስለ ቴሌስኮፕም ግድ የለውም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እንዲህ ያለውን «ትሮል» የሚሉት ከዓሣ ማጥመድ ወስደው ነው ይባላል፤ መንጠቆን ከጀልባ ኋላ እየጎተቱ የሚነክሰውን መጠበቅ ማለት ነው። መልስ የሰጠው ሁሉ ነክሷል። ለእርሱ ረጅም ማብራሪያ፣ ሦስት ማስጠንቀቂያና የግል ደብዳቤ አያባክኑ። ጽሑፉን ያንሡ፤ ሁለተኛ ከመጣ ያግዱት፤ መግለጫ አያውጡ። በሌላ ስም ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ እንደገና ያንሡት። አሰልቺ ይሁኑበት፤ የሚኖረው ከግርግር ነውና።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። «ለነገረኛ መልስ አትስጡ» የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ ሌላ ጥፋት ያስከትላል፤ የተሰደበው ሰውም አብሮ መልስ ያጣል። ሁሉም ሰው «እንዳናባብሰው» ብሎ ፊቱን ሲያዞር፣ የተዋረደው አባል ሦስት ሺህ ሰው እያየው ብቻውን ቆሟል። ተሳዳቢውን ይዝለሉት፤ ተሰዳቢውን ግን በስሙ ጠርተው ጥያቄውን ይመልሱለት። ስለ ስድቡ ምንም አይበሉ። ወሬው ወደ ሰማይ ይመለሳል።

በአሉታዊ ምልክት፣ አውራ ጣትን ወደ ታች በመዘቅዘቅ፣ ሰውን መቅጣትም አይጠቅምም። በ2014 በአራት ትልልቅ የዜና ድረ ገጾች አስተያየቶች ላይ የተሠራ ጥናት ያገኘው ውጤት ተቃራኒ ነበር። ብዙ አሉታዊ ምልክት የተሰጣቸው ሰዎች ከበፊቱ የበለጠ ጻፉ፤ የጻፉትም የባሰ ነበር፤ ሌሎችንም በተራቸው በአሉታዊ ምልክት መምታት ያዙ። ቴሌግራምን የመሰሉ መተግበሪያዎች የሚሰጡትን የማዘግያ መሣሪያ ግን እወደዋለሁ፤ አንድ አባል በሁለት መልእክቶቹ መካከል ከጥቂት ሰከንድ እስከ 1 ሰዓት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ክርክር ሲጋጋል አምስት ደቂቃ ላይ ያድርጉት። ማንም አይሰደብም፤ ማንም አይባረርም፤ ጣት ግን ያርፋል።

ደንብ ይጻፍ ወይ? ይጻፍ፤ ግን ሃያ ሰባት አንቀጽ አይሁን። ሃያ ሰባት አንቀጽ የሚያነብ ከነገረኛው በቀር ማንም የለም፤ እርሱም የሚያነበው ቀዳዳ ፍለጋ ነው። አራት ወይም አምስት መስመር ይበቃል፤ ሰው በሚያየው ቦታ፣ ከውይይቱ ራስጌ ይቀመጥ። ኔታን ማታያስ የተባለ ተመራማሪ በሬዲት የሳይንስ ማኅበረሰብ ውስጥ በ2,190 ውይይቶች ላይ ይህንኑ ሞክሮ ውጤቱን በ2019 አሳትሟል። ደንቡ በውይይቱ አናት ላይ ሲለጠፍ አዲስ ገቢዎች ደንቡን የማክበር ዕድላቸው ከስምንት መቶኛ ነጥብ በላይ ጨመረ። ይህ የሚጠበቅ ነው። ያስገረመኝ ሌላው ነው፦ የሚሳተፉ አዲስ ገቢዎች ቁጥር በአማካይ በ70 በመቶ አደገ። ደንብ ያስፈራል፣ ሰው ያርቃል ብለን የምንሰጋው በከንቱ ነው። አዲስ ሰው ይበልጥ የሚፈራው ደንቡን ሳያውቅ መግባትን ነው፤ የማያውቀው ቤት ገብቶ ጫማ ይወልቅ አይወልቅ ሳያውቅ በር ላይ እንደ ቆመ እንግዳ።

ደንቡን ሲጽፉ «አትሳደብ» ብሎ ማቆም አይበቃም፤ ማንም ራሱን ተሳዳቢ አድርጎ አያይም። ጋሼን ቢጠይቋቸው እውነት ተናገርኩ ይላሉ። ይልቅ የሚደረገውን ይጻፉ፦ «ስለ ፎቶው ተናገር፣ ስላነሣው ሰው አትናገር»፤ «ስሕተት ካየህ ማስተካከያውን አብረህ ጻፍ»፤ «ከዚህ በፊት የተመለሰ ጥያቄ ከሆነ መልሱ ያለበትን ቦታ ጠቁም፤ ካልፈለግህ እለፈው»። የመጨረሻይቱ በተለይ የደከሙትን አዋቂዎች ታድናለች። መልስ የመስጠት ግዴታ የለብህም ብሎ የነገራቸው ሰው እስከ ዛሬ የለም።

አሁን እንግዲህ ተግሣጹ ተልኳል፣ ደንቡ ተሰክቷል፣ ጋሼ ግን ቀጠሉ እንበል። ሰባቱን ቀን ያስፈጽሙ። ሲመለሱ ከደገሙ ወር ያድርጉት። ከዚያም ካልሆነ ያሰናብቷቸው፤ ለቡድኑ ሁለት መስመር ብቻ ይጻፉ፦ ከዚህ ቀን ጀምሮ አባል አይደሉም፣ ውሳኔው የእኔ ነው፣ ጥያቄ ያለው በግል ይጻፍልኝ። እውቀታቸው ይቀርብናል የሚለውን ሥጋት እረዳለሁ፤ ግን ሒሳቡን በትክክል ያድርጉት። የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን በ2006 እንደ አጠቃላይ ልማድ ያስቀመጠው ስሌት አለ፦ በእንዲህ ያለ ማኅበረሰብ ከመቶ ሰው 90ው ያነባል እንጂ አይጽፍም፣ 9ኙ አንዳንዴ ይጽፋል፣ አብዛኛውን የሚጽፈው 1 ሰው ነው። በእርስዎ ቡድን ይህ በግምት ሠላሳ ሰው ነው። ጋሼ ከሠላሳው አንዱ ናቸው። በእርሳቸው ምክንያት ዝም ያሉትን «ጥሩ ጥሩ አባላት» ይቁጠሯቸው፤ ስድስት ከሆኑ ቡድኑ በአንድ አዋቂ ስድስት አዋቂ ከፍሏል። ጋሼ በየቀኑ ስለሚጽፉ ትርፋቸው ይታያል፤ የጠፉት ስድስቱ ግን ስለማይጽፉ ኪሳራቸው አይታይም።

ለራስዎም ያስቡ። ከሦስት ሺህ ሰው ጋር አንድ ሰው ብቻውን አይችልም። ሁለት ረዳት ይያዙ፤ ቢቻል አንዱ ከእርስዎ ጋር በጠባይ የማይመሳሰል ይሁን። ማንኛውም ማገድ ከሦስታችሁ በሁለታችሁ ስምምነት ብቻ ይሁን። እርስዎ ራስዎ የተሰደቡበትን ጉዳይ አንድም ጊዜ አይዳኙ። ሌሊት ውሳኔ አይስጡ፤ ሌሊት የሚፈቀደው ነገሩን እስከ ጠዋት መቆለፍ ብቻ ነው።

የቀሩት ዝም ያሉት ናቸው። ይመለሱ ይሆን ብለው አልጠየቁኝም፤ ከጥያቄዎ ውስጥ ግን ይሰማኛል። በአጠቃላይ ጥሪ አይመለሱም። «ውድ አባላት፣ እባካችሁ ተሳተፉ» የሚል ማስታወቂያ ማንንም ከዝምታው አላስነሣም። ስም በስም ይጻፉላቸው፤ በቀን ለአንድ ሰው። ያለፈውን አያውሱ፤ ይቅርታም አያብዙ። የሚያውቁትን ነገር ይጠይቋቸው። «አንድ ጀማሪ ሳተርንን በስልክ አንሥቶ ደበዘዘበት፤ አንተ ያኔ በምን አስተካከልከው?» ይበሉ። ይመልሳሉ፤ ሰው የሚያውቀውን ሲጠየቅ ዝም ማለት ይከብደዋል። ከዚያ «ይህንን እዚያው ልጁ ፎቶ ሥር ብትጽፍለት?» ይበሉት። ልጁ ፎቶውን አጥፍቶት ከሆነ መጀመሪያ ለልጁ ይጻፉና መልሶ እንዲለጥፈው ይጠይቁት።